ስካርፉን ሲቀበሉ ምን ላይ ፈረሙ?

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ ሐዋሳ ነው። እኔ፣ አባቴና አራት ጓደኞቼ የዓመቱን ጨዋታዎች ከጣሪያው ሥር ሆነን ለማየት በነፍስ ወከፍ 4,000 ብር ከፍለን ካርድ ገዛን። ያኔ ቦታው የሲሚንቶ ደረጃ ነበር፤ እግራችንን ዘርግተን ነበር የምናየው። ከዚያ ስታዲየሙ ለእድሳት ተዘጋ። ሲከፈት በየደረጃው የፕላስቲክ ወንበር ተገጥሞበታል። ጉልበታችን የፊተኛውን ሰው ጀርባ ይነካል፤ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን ነው የምንቀመጠው። አባቴ ዓይናቸው ስለደከመ ጨዋታውን የሚከታተሉት ሬዲዮ ጆሯቸው ሥር ይዘው ነው። አሁን ሬዲዮውን ለመያዝ እንኳ ክንዳቸውን ማንሳት አቃታቸው። እረፍት ሳይደርስ ወጣን። የወንበር ቁጥሩ ስለተቀየረ አዲስ ካርድ ውሰዱ ተብለን ነበር፤ ተሰልፈን ወሰድን፣ ስካርፍም ሰጡን። ገንዘባችንን ማስመለስ እንችላለን? ካሳስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ትከሻው፣ ስለ አባትዎ ሬዲዮ በደንብ ነግረውኛል። እኔን ያስቆመኝ ግን በችኮላ ያለፉት ነገር ነው። “ተሰልፈን ወሰድን፣ ስካርፍም ሰጡን” ይላሉ። ሰልፍ ካለ መዝገብ አለ። መዝገብ ካለ ፊርማ አለ። ምን ላይ ነው የፈረማችሁት?

ወደዚያ እመለሳለሁ። መጀመሪያ የታወቀውን ሕግ ቶሎ ልጨርሰው። የክለቡንም የስታዲየሙንም ስም ከደብዳቤው ያወጣሁት እኔ ነኝ። አንድ ወገን ብቻ ሰምቼ ስም አልጠራም።

የገዛችሁት ካርድ ውል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1731 በሚገባ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ነው ይላል። ሌላው ወገን እንደ ውሉ ካልፈጸመ በአንቀጽ 1771 እንዲፈጽም ወይም ውሉ እንዲሰረዝ መጠየቅ ይቻላል፤ የደረሰ ጉዳት ካለም ኪሣራ ይጨመራል። ግን ፍርድ ቤት ውልን በቀላሉ አይሰርዝም። አንቀጽ 1785 ጉድለቱ የውሉን ዋና ነገር የነካ እንዲሆን ይፈልጋል። “አልተመቸንም” እና “መቀመጥ አልቻልንም” በዳኛ ፊት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለብስጭታችሁ ካሳ አገኛለሁ ብላችሁ አትቁጠሩ፤ ሕጋችን ለሕሊና ጉዳት ገንዘብ የሚያስከፍለው በግልጽ በደነገገባቸው ጉዳዮች ብቻ ነው። ከውል የሚነሳ ክስ በጠቅላላው በ10 ዓመት ይታገዳል፤ በዚያ በኩል አትስጉ። የሚያሰጋው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነው። ጉድለት ያለበት አገልግሎት የተሰጠው ሸማች ያለ ክፍያ እንደገና እንዲሰጠው ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የሚጠይቀው በ15 ቀን ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ጨዋታ መቼ እንደነበር አልጻፉልኝም። ዛሬውኑ ካላንደር ላይ ይቁጠሩ።

ስለ ወንበሩ ራሱ አንድ ነገር ልበል፤ ለማስረጃችሁ ይጠቅማል። አሮጌው የሲሚንቶ ደረጃ የተሠራው ሰው በቀጥታ እንዲቀመጥበት ነው። የካፍና የፊፋ ደንቦች እየጠበቁ ሲመጡ ለእያንዳንዱ ሰው መደገፊያ ያለው ወንበር መግጠም ግድ ሆነ። ደረጃው ግን አልሰፋም። መደገፊያው ከኋላ ቦታ ይበላል፣ መቀመጫው ወደፊት ይገፋል፣ የሚጠበው የጉልበት ቦታ ነው። በዚያ ላይ የወንበር ቁጥር ለማብዛት ከጎንም ከተቆነጠረ እናንተ የገጠማችሁ ነገር ይመጣል። ፊፋ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው የስታዲየም መመሪያ የአንድ ወንበር ስፋት ቢያንስ 45 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን፣ 47 ቢሆን ደግሞ እንደሚመረጥ ይገልጻል። ከአንዱ መደገፊያ እስከ ፊተኛው መደገፊያ ደግሞ 85 ሳንቲ ሜትር ይመክራል። መመሪያው የእኛ ሀገር ሕግ አይደለም። ፍርድ ቤት ሄዳችሁ “ፊፋ ብሏል” ብትሉ ብቻውን አያስፈርድላችሁም። ነገር ግን “ጠባብ ነው” የሚለውን የስሜት ቃል ወደ ቁጥር ይለውጥላችኋል። ስለዚህ በሚቀጥለው ጨዋታ ሜትር ይዛችሁ ግቡ። ስፋቱንና የመደገፊያ ለመደገፊያ ርቀቱን ለኩ። ሜትሩ ከወንበሩ ቁጥር ጋር አብሮ እንዲታይ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ። አባትዎ ተቀምጠው ጉልበታቸው የት እንደሚደርስም አንሱ። ከስድስታችሁ ውጭ የሆነ አንድ ሰው እማኝ ይሁን። የእድሳቱን ሥራ የሚያውቅ መሐንዲስ ዘመድ ወይም ጎረቤት ካላችሁ ደግሞ ይምጣና ይይላችሁ።

አሁን ወደ ፊርማው።

በሥራዬ ደጋግሜ የማየው ወጥመድ ይህ ነው። ሰው ሲከፍል ይጠነቀቃል፤ ሲቀበል ይዘናጋል። ገንዘብ ስንሰጥ ደረሰኝ እንጠይቃለን፣ ቁጥሩን እናያለን። ነገር ሲሰጠን፣ በተለይ በነፃ ሲሰጠን፣ “እዚች ጋ ፈርም” ስንባል ስክሪብቶውን ተቀብለን እንሞነጭራለን። ከኋላ ሰው ይገፋል። ከፊት ያለው ሠራተኛ ቸኩሏል። ስካርፉ ያምራል። ማን ቆሞ ያነባል? ይገባኛል። ግን ልቆጣዎት ነው፤ ማንበብ ነበረባችሁ።

ከዓመታት በፊት አንድ ደንበኛዬ መኪናውን ከጋራዥ ሲያወጣ መዳፍ በምታህል ወረቀት ላይ ፈረመ። “ተሽከርካሪዬን በሙሉ ጤንነት ተረክቤያለሁ፤ ወደፊት ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም” ትላለች። በሁለተኛው ሳምንት ካምቢዮው እምቢ አለ። ባለሙያ አቀረብን፣ ፎቶ አቀረብን፣ ሰው አስመሰከርን። ከዚያኛው ወገን የመጣው ማስረጃ ያቺ ወረቀት ብቻ ነበረች። በቃቻቸው። ሰውዬው ችሎት ውስጥ ፊርማው ሲታየው አንገቱን ደፋ፤ ያ ፊት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ለምን በቃቻቸው? የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2005 በጽሑፍ የሰፈረና የተፈረመ ስምምነት በፈራሚዎቹ መካከል ሙሉ እምነት የሚጣልበት ማስረጃ ነው ይላል። አንቀጽ 2006 ይከተላል፤ በጽሑፉ የሰፈረውን ቃል በሰው ምስክር ማፍረስ አይቻልም። ስድስታችሁም ብትቆሙና “ለካርድ ቁጥር ለውጥ ነው የተባልነው፣ አላነበብነውም” ብትሉ ወረቀቱ ሌላ ነገር የሚል ከሆነ ቃላችሁ አይነሳም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው ለሚጠቅመን ጽሑፍ ብቻ አይደለም። የሚጎዳንም ይወረሳል።

ይህ የሚከብደው በሌላ ምክንያትም ነው። ሁለት ሰዎች ያላቸውን ወይም ሊመጣ የሚችልን ክርክር አንዱም ለአንዱ የሆነ ነገር እየተወ በስምምነት የሚጨርሱበት ውል በአንቀጽ 3307 ይታወቃል። እንዲህ ያለ ስምምነት በአንቀጽ 3312 ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። “መብቴ ይህን ያህል እንደሆነ አላወቅኩም ነበር” ብሎ ማፍረስም አይቻልም። አሁን ስካርፉን ያስቡት። የክለቡ ጠበቃ “እኛ አዲስ ካርድና ስካርፍ ሰጠን፣ እነሱ የመቀመጫ ጥያቄያቸውን ተዉ” ብሎ ቢከራከርስ? እኔ አንድ ስካርፍ የዓመት ወንበር ልዋጭ ይሆናል ብዬ አላምንም፤ እስከ መጨረሻው እከራከርበታለሁ። ግን ወረቀቱን ሳላይ ታሸንፋላችሁ አልልዎትም።

ሁሉም ወረቀት አንድ አይደለም። ፎርሙ “ካርድና ስካርፍ ተረክቤያለሁ” ብቻ የሚል ከሆነ መረከቢያ ነው፤ ስለ ወንበሩ ምንም አላሳጣችሁም። “አሮጌው ካርድ ተሰርዞ በአዲሱ ተተክቷል” የሚል ከሆነ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ የቀድሞው ውል በአዲስ ውል ተተክቷል ሊሉ ይችላሉ። “አዲሱን መቀመጫ አይቼ ተስማምቻለሁ፤ ምንም ዓይነት የመብት ጥያቄ የለኝም” የሚል ከሆነ ግን ለክስ ከመሮጥ በፊት ጠበቃ ጋ ቁጭ ብላችሁ ተማከሩ። እዚህ ላይ ሌላም ያልነገሩኝ ነገር አለ። ካርዱን የቀየራችሁት ወንበሩን ከማየታችሁ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ያላያችሁትን ወንበር “አይቻለሁ” ብላችሁ እንድትፈርሙ ከተደረገ በስሕተት ወይም በማታለል የሚነሳ ክርክር ሊኖር ይችላል። እሱም ጊዜ አለው። አንቀጽ 1810 እንዲህ ያለውን ውል ለማፍረስ የሚሰጠው 2 ዓመት ብቻ ነው። ማስረዳቱም ቀላል አይደለም።

ከፈረማችሁት ወረቀት ጋር አታምታቱት እንጂ ካርዱ ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል የታተመው ጽሑፍ ሌላ ነው። “አስተዳደሩ መቀመጫ የመቀየር መብቱ የተጠበቀ ነው” የሚል ነገር ይኖር ይሆናል። በአንቀጽ 1686 አንዱ ወገን ብቻውን ያዘጋጀው ጠቅላላ የንግድ ደንብ ሌላውን የሚያስገድደው ሌላው አውቆ ሲቀበለው ወይም የመንግሥት አካል ደንግጎት ወይም አጽድቆት ሲሆን ነው። ስለዚህ ካርዱ ጀርባ ላይ ያለው አያስደነግጣችሁ። ፊርማ ያለበት ግን ያስደንግጣችሁ።

ምን ታድርጉ? ነገ ጠዋት ቢሮው ሄዳችሁ የፈረማችሁበትን ፎርም ቅጂ ጠይቁ። በትሕትና፣ ሳትጣሉ። ከከለከሏችሁ ፎቶ ለማንሳት ፈቃድ ጠይቁ። እሱንም ከከለከሉ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የመለሱላችሁን መልስ እዚያው ጻፉ። ቅጂውን ይዛችሁ ጠበቃ አሳዩ፤ ሐዋሳ ውስጥ ጥሩ ጠበቆች አሉ። ከዚያ በኋላ ነው ማስጠንቀቂያው የሚጻፈው። ሕጉ በአንቀጽ 1772 ክለቡን “አልፈጸምክም” ከማለታችሁ በፊት እንዲፈጽም ማስጠንቀቂያ እንድትሰጡ ይጠይቃል። በሁለት ቅጂ አዘጋጁ፣ አንዱን ስጡ፣ የራሳችሁ ቅጂ ላይ “ደርሶናል” ተብሎ ማኅተም ይምታበት። የምትፈልጉትን ለይታችሁ ጻፉ፤ ሌላ ቦታ ላይ ወንበር ነው? የዋጋ ልዩነት ነው? ሙሉ ገንዘቡ ነው? ተገቢ የሆነ ቀነ ገደብም ስጡ።

ደብዳቤው ሲደርሳቸው ደግሞ ጠርተዋችሁ ሁለተኛ ወረቀት ሊያቀርቡ ይችላሉ። ምናልባት 500 ብር ተመላሽ፣ ምናልባት ለአንድ ጨዋታ የክብር ቦታ። ተስማምቶ መጨረስ ጥሩ ነው፣ እኔም እመርጠዋለሁ። ግን እዚያው ቆማችሁ አትፈርሙ። “ወስጄ አንብቤ እመልሳለሁ” በሉ። ይህን ማለት ነውር አይደለም። የሚሰጧችሁን የግድ መቀበል ካለባችሁ ከፊርማችሁ በላይ በእጃችሁ “የተረከብኩት ካርዱን ብቻ ነው፤ ስለ መቀመጫው ጥበት ያለኝ መብት እንደተጠበቀ ነው” ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ ፎቶ አንሱት። አንድ መስመር ናት። ያ የጋራዥ ደንበኛዬ ይህችን መስመር ጽፎ ቢሆን መኪናውን በራሱ ገንዘብ አያሠራም ነበር።

የቀሩትን ባጭሩ ልበል። ደረሰኙ ላይ ያለው ማኅተም የማን ነው? የክለቡ፣ የስታዲየሙ አስተዳደር ወይስ የደጋፊ ማኅበሩ? የሚከሰሰው ካርዱን የሸጠላችሁ ነው። ገንዘቡን አንዳችሁ ሰብስባችሁ በቴሌብር ከላካችሁ የእያንዳንዳችሁ ድርሻ የሚታይበትን መልእክት አትሙት። መተላለፊያው በወንበር ተዘግቶ ከሆነ ደግሞ እሱ ከምቾት ያለፈ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። የካርዱ ጉዳይ እስኪያልቅ ሳትጠብቁ ለከተማው አስተዳደር በጽሑፍ አመልክቱ።

የመጨረሻው የአባትዎ ነገር ነው። ዓይናቸው ስለደከመ ጨዋታውን በሬዲዮ ነው የሚከታተሉት ብለዋል። እንግዲያው ያን ፎርም ማን አነበበላቸው? አንቀጽ 1728 ዓይነ ስውር የሆነ ወይም ማንበብ የማይችል ሰው ፊርማ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። የደከመ ዓይን ከዓይነ ስውርነት እኩል ይቆጠራል ወይ የሚለው የሚያከራክር ነው፤ የሐኪም ማስረጃቸው ይወስነዋል። ስለዚህ እናንተ አምስታችሁ የታሰራችሁበት ወረቀት አባትዎን ላያስራቸው ይችላል። የዓይን ሐኪም ካርዳቸውን ከቤት ፈልጉ፣ ቀኑ ከፊርማው ቀን በፊት መሆኑን እዩ። ስማቸው ላይ የፈረሙት ራሳቸው ናቸው ወይስ እርስዎ ፈርመውላቸዋል? ይህን ለጠበቃዎ ከመጀመሪያው ቀን በእውነት ይንገሩ። የሐኪም ካርዱንና የፎርሙን ቅጂ ሳይዙ ግን ቢሮው ሄደው ስለ አባትዎ ፊርማ አንድ ቃል አይናገሩ።