8600ኬ በ4.8 ጊጋኸርዝ ለምን ይወድቃል?
ወንድሜ፣ ኮር አይ5 8600ኬ ፕሮሰሰርህን ወደ 4.8 ጊጋኸርዝ ከፍ ስታደርገው ዊንዶውስ ይከፍትና ጌም ስትጀምር ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፣ ፓወር ሰፕላይ መቀየር አለብኝ ወይ ብለሃል። አትቸኩል፣ ገንዘብህን ያዝ። መጀመሪያ ቮልቴጁን እይ። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የምትገባበት የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ገብተህ ቪኮርን (የፕሮሰሰሩን ቮልቴጅ) ከአውቶ አውጣና 1.25 ቮልት ላይ አድርገው፣ ካልተረጋጋ 0.01 እያልክ ጨምር፤ እኔ ግን ከ1.35 ባታልፍ እመርጣለሁ። ኃይሉ የሚያድገው በቮልቴጁ ስኩዌር ስለሆነ፣ ከ1.25 ወደ 1.35 ስትሄድ በዚያው ፍጥነት እንኳ 17 በመቶ ገደማ ተጨማሪ ይበላል፣ ያ ሁሉ ደግሞ ሙቀት ነው።

ብዙ ሰው የሚረሳው ሎድላይን ካሊብሬሽንን (በጭነት ጊዜ የሚወርደውን ቮልቴጅ የሚያካክሰውን የባዮስ ማስተካከያ) ነው። ፕሮሰሰሩ ሥራ ሲበዛበት ቮልቴጁ ዝቅ ይላል፤ ያንተም ጌም ላይ የሚወድቀው በዚህ ይመስለኛል። መካከለኛ ደረጃ ላይ አድርገው። የመጨረሻውን ከፍተኛ ደረጃ በፍጹም አትንካ፣ ጭነቱ ድንገት ሲቀንስ ቮልቴጁ ካስቀመጥከው በላይ ይዘላል።

ፓወር ሰፕላዩን የምትቀይረው የ12 ቮልት መስመሩ በጭነት ጊዜ ከ11.4 በታች ከወረደ ነው (በመልቲሜትር ለካው፣ የሶፍትዌር ንባብ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል)። የሲፒዩው ባለ 8 ፒን ገመድ በደንብ መግባቱንም እይ። ከዚያ ፕራይም95ን (ፕሮሰሰሩን በከባድ ጭነት የሚፈትን ፕሮግራም) ለጥቂት ሰዓት አስሮጠው፣ 90 ዲግሪ ከነካ አቁመው።