ማን የማንን ቀለብ ይሻማል? ስለ ዓሦቻችን ጥያቄና መልስ

የአራት ኪሎ የዓሣ ወዳጆች ሆይ፣ ዛሬ ጋሼን ይዘናቸዋል። ስለ ሐይቆቻችን ዓሦች የሚያውቁትን ያህል የሚያውቅ በመካከላችን የለም። ጠይቁ።

የፒያሳው፦ ጋሼ፣ ዝዋይ ላይ ካርፕ ቆሮሶን (ቲላፒያን) በልቶ ጨረሰው ይባላል። እውነት ነው?

ጋሼ፦ ካርፕ ቆሮሶን አሳዶ አይበላም። ያደገ ቆሮሶ ዋና ቀለቡ አልጌ ነው። የጨጓራው አሲድ ኃይለኛ ስለሆነ ሌላው ዓሣ የማይፈጨውን ይፈጫል። ከገበያ የገዛኸውን ሆዱን ከፍተህ እየው፤ ቀጭን አንጀት እንደ ልቃቂት ተጠምጥሟል፣ ቢዘረጋ ከዓሣው ቁመት ብዙ እጥፍ ይረዝማል። ካርፕ ግን ጨጓራ የለውም። ጭቃውን በአፉ ይስባል፣ ትሉንና የነፍሳት እጩን ያስቀራል፣ ሌላውን ይተፋል። ትልልቆቹ እንግዲህ ማዕዳቸው ለየብቻ ነው።

ጣጣው ጫጩቶቹ ላይ ነው። የቆሮሶ ጫጩት የሚጀምረው በጥቃቅን የውሃ እንስሳትና በእጭ ነው፤ እዚያ ይሻማሉ። ካርፕ ሲቆፍር ደግሞ ውሃው ይደፈርሳል፣ ጫጩት የሚሸሸግበት ሣር ይነቀላል። የካርፕ እንቁላልም በመቶ ሺዎች ነው። ቆሮሶ ግን እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ስለምታስፈለፍል ያን ያህል አትጥልም። ብቻ ጥፋቱን ሁሉ ካርፕ ላይ አትከምሩ፤ ዓይነ ጠባብ መረብም አለ። ደግሞ ዓሣ ከውሃ ወደ ውሃ አታዛውሩ።

ካዛንቺስ፦ ስለ ዓሣ አመጋገብ ቢያብራሩልን?

ጋሼ፦ የቱ ዓሣ? የቱ ውሃ? ጫጩት ወይስ ያደገ? ለይተህ ተመለስ።

የቀበና ልጅ፦ ወርቃማ ዓሣዬ አድጎ ገንዳው ጠበበው። ወንዙ ቅርቤ ነው፣ ልልቀቀው?

ጋሼ፦ በፍጹም! ቀበና አቃቂ ይገባል፣ አቃቂ በአባ ሳሙኤል አልፎ አዋሽ ይገባል። ለሚያሳድገው ሰው ስጪው። ዓሣ አታዛውሩ እያልኩ!

ባሕር ዳሬ፦ ነጭ ዓሣ (ሌላ ዓሣ አዳኙ ናይል ፐርች) ጫሞ ላይ እንዲህ ገበያ ካለው ጣና ላይ ለምን አይጨመርም?

ጋሼ፦ ይህን ሐሳብ ስሰማ ደሜ ይፈላል። ጣና ውስጥ 15 ያህል የቢልጫ ዝርያ አለ፤ 8ቱ ዓሣ በል ናቸው። እነዚህ ዓሦች አፋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም! ያላቸው ጉሮሮ ውስጥ ነው። ጥርስ ሳይኖራቸው አዳኝ የሆኑት ተፎካካሪ ስለሌላቸው ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የታቹን ዓሣ ወደ ላይ አያሳልፍማ። አንተ ያን በር በባልዲ ልትከፍት ነው። ቪክቶሪያ ሐይቅን አስታውስ፤ ነጭ ዓሣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ተጨመረ፣ በ1980ዎቹ ተባዛና ብዙ ትንንሽ የአገሬው ዝርያዎች ጠፉ። ገንዘቡ መጥቷል፣ አልክድም። የጠፋው ዝርያ ግን አይመለስም። ጫሞ ላይ ነጭ ዓሣ የአገሩ ልጅ ነው፣ አብሮት የሚኖረውም ለምዶታል።

የፒያሳው፦ አምባዛ ግን ቆሻሻ በል ነው አይደል? እኛ ቤት አይገባም።

ገዳም ሰፈር፦ እናንተ ቤት የማይገባው ቅርፊት ስለሌለው ነው እንጂ ስለሚበላው አይደለም።

የፒያሳው፦ ሁለቱም ነው።

ገዳም ሰፈር፦ ታዲያ ካርፕም ጭቃ ይምጋል፤ እሱን በጾም ስትጠብሱት አይቻለሁ!

ጋሼ፦ የቅርፊቱን ነገር ለካህናት ተዉት። አምባዛ ያገኘውን ይበላል፤ ዓሣም፣ ነፍሳትም፣ ዝቃጭም። አየር ከላይ መሳብ ስለሚችል ሌላው በታፈነበት ውሃ ይኖራል።

ልደታ፦ ጋሼ፣ ካርፕ ቆሮሶን ይበላል እንዴ?

ጋሼ፦ ከላይ አንብብ።

ልደታ፦ እሺ፣ ኪሎው ስንት ገባ?

ጋሼ፦ እኔ ነጋዴ ነኝ?