ኮላ ያልነካው ገጽ

ልጆቼ፣

አንዳንዶቻችሁ ስም ሳይጠቀስ በቴሌግራም የሚለጠፉትን የልብ ምስጢሮች ወደ እጅ ሥራ መለወጥ እንደምትፈልጉ ነግራችሁኛል። ደስ ብሎኛል። በማተሚያ ቤት መጽሐፍ ስጠርዝ ከ30 ዓመት በላይ ኖሬአለሁና ወረቀትና ክር ይህን ሸክም እንደሚችሉት አውቃለሁ። ስልክ ላይ በአውራ ጣት ተገፍቶ የሚያልፍ ኀዘን በእጅ ተጽፎ፣ ተጣጥፎ ሲቀርብ አንባቢው ቆም ይላል።

አሠራሩን ከሩቅ አትፈልጉ። ሰንሱል አለን፤ እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍ የብራና መጽሐፍ። አንዱን እጥፋት ካልዘረጋችሁ ቀጣዩን አታዩም። ክታብም አለን። ብዙውን ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ በተቆረጠ ብራና ላይ ይጻፋል፤ ተጠቅልሎ በቆዳ ይሰፋና አንገት ላይ ይንጠለጠላል። የአንድ ሰው ጭንቀት በራሱ ቁመት ተለክቶ! ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል። የእምነቱን ነገር ለሚያምኑበት ልተወውና፣ ከአሠራሩ ግን ተማሩ። ጎብኚው በጣቱ ክር ይፍታ፣ ይዘርጋ፣ አንብቦ ሲጨርስም መልሶ ይጠቅልል። መልሶ የሚጠቀልል እጅ ያነበበውን መጠንቀቅ ይጀምራል።

ክታብ ላይ የባለቤቱ የክርስትና ስም ይጻፋል። እናንተ የያዛችሁት ጽሑፍ ስም የለውም። ስም ስለሌለው ግን ባለቤት የሌለው እንዳይመስላችሁ።

እኔ መስሎኝ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ቻናል የወሰድኳቸውን 12 መልእክቶች በወፍራም ወረቀት ገልብጬ፣ በኮላ አጣብቄ ለእይታ አቀረብኩ። አንዲት ወጣት ሦስተኛው እጥፋት ላይ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቀረች። ቆይታ ወደ እኔ መጣችና «አባባ፣ ይሄ የኔ ነው። እንቅልፍ አጥቼ ሌሊት የጻፍኩት ነው። እዚህ እንዲመጣ ግን አልፈለግሁም» አለችኝ። ገጹን ላወጣላት ስሞክር ኮላው ግራና ቀኝ ያሉትን ይዞ ተቀደደ። እጄ እንዴት እንደተንቀጠቀጠ አልረሳውም።

አሜሪካዊው ፍራንክ ዋረን በ2004 እ.ኤ.አ. የራሱ አድራሻ ያለባቸውን 3,000 ፖስትካርዶች ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ለማያውቃቸው ሰዎች አደለ፤ ስም ሳይጽፉ ምስጢራቸውን እንዲልኩለት። አርቲስቷ ካንዲ ቻንግም በ2011 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኒው ኦርሊንስ ውስጥ የአንድ ባዶ ቤት ግድግዳ እንደ ጥቁር ሰሌዳ ቀብታ፣ ጠመኔ አስቀመጠች፤ «ከመሞቴ በፊት» ብሎ የሚጀምረውን ዐረፍተ ነገር አላፊ አግዳሚው ሞላው። የጻፉት ሰዎች ማንነት አልታወቀም። እነሱ ግን ቃላቸው የት እንደሚሄድ ያውቁ ነበር።

ስለዚህ ከቻናል አትልቀሙ፣ ጠይቁ። ዓላማችሁን በግልጽ ጻፉና ለዚሁ ተብሎ የተላከላችሁን ብቻ ውሰዱ። የሰፈር ስም፣ የሥራ ቦታ፣ የልጅ ዕድሜ አውጡ፤ ሰው በእነዚህም ይታወቃል። ራሱን ሊጎዳ እንዳሰበ የሚናገር መልእክት ከደረሳችሁ ደግሞ መቀሱን አስቀምጡና መጀመሪያ ለሰውየው መልስ ስጡ፣ እርዳታ የሚያገኝበትንም መንገድ ፈልጉለት።

እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ለእንዲህ ያለ ሥራ ኮላ አልነካም። እያንዳንዱን ገጽ በወስፌ በስቼ ለየብቻው በጥጥ ክር እሰፋለሁ፤ ቋጠሮውን ከጀርባ በኩል፣ በጣት ሊፈታ በሚችልበት ቦታ እተወዋለሁ። የጻፈው ሰው መጥቶ «ስጡኝ» ቢል፣ ሌላው ሳይነካ የእሱ ገጽ ብቻ ይወጣል።