ከደጃፍ እስከ መታጠፊያው፦ ስለ ሰፈር ወክ የላካችኋቸው ጥያቄዎች

በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ የእንቅስቃሴ ገደቡ ከመጣ ወዲህ ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ እግር ጉዞ ነበሩ። ዛሬ ስድስቱን ይዤ መጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ በቀን አንዴ ወጥቼ ሰፈሬን እዞራለሁ። ሕጉ ይፈቅዳል። ግን ጎረቤቶቼ በመስኮት ሲያዩኝ ወንጀል የሠራሁ ይመስለኛል። ቤቴ ብቀመጥ አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም። ሕጉ ከፈቀደልሽ ወጥተሽ ዙሪ። ጥብቅ ገደብ ካወጡት አገሮች እንኳ ብዙዎቹ ለእግር ጉዞ ቀዳዳ ትተዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 በመጀመሪያው ገደብ ላይ ብሪታንያ በቀን አንድ ጊዜ ለስፖርት መውጣትን ፈቅዳ ነበር። ፈረንሳይ ደግሞ ከቤት 1 ኪሎ ሜትር ሳይርቁ፣ ወረቀት ሞልተው ይዘው፣ ለ1 ሰዓት። በስፔን ግን ልጆች ስድስት ሳምንት ያህል ደጅ ሳያዩ ቆይተው ነው ኤፕሪል 26 የተፈቀደላቸው። እነሱን ሳስብ አሁንም አንጀቴ ይላወሳል።

ቫይረሱ የሚተላለፈው በዋናነት ስንተነፍስ፣ ስናወራና ስንስል በሚወጣው ጠብታና ብናኝ ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይጠራቀማል፤ ደጅ ግን ነፋሱ ይበትነዋል። ስለዚህ ብቻሽን ስትሄጂ ማንንም አልበደልሽም። ጎረቤቶችሽን ደግሞ እጅሽን አንስተሽ ሰላም በያቸው። ምናልባት ቀኑን ሙሉ ሰላም ያላቸው ሰው የለም።

ጥያቄ፦ የእግረኛ መንገዳችን ጠባብ ነው። ሰው ፊት ለፊት ሲመጣ ማን ይልቀቅ? ማስክስ ላድርግ?

መልስ፦ ቀድሞ ያየ ይልቀቅ። ጋሪ የሚገፋ፣ ምርኩዝ የያዘ ወይም ልጅ ያስከተለ ከሆነ ግን ሁሌም አንተ ልቀቅ፤ ወደ አስፋልቱ ከመውረድህ በፊት መኪና መኖሩን እይ። እንዲሁ ተላልፎ መሄድ ብዙ አያሰጋም። የሚያሰጋው ቆሞ ፊት ለፊት ረጅም ወሬ መያዝ ነው። ማስኩን ይዘህ ውጣ፣ ሰው በሚበዛበት ቦታ አድርገው። ስትመለስ እጅህን በሳሙና ለ20 ሰከንድ ታጠብ። በቃ።

ጥያቄ፦ ኮሮና ከተገኘበት ሰው ጋር ነበርኩ። ራሴን አግልዬ ተቀምጫለሁ፤ ምንም አላመመኝም። ሌሊት ሰው ሳይኖር ትንሽ ብዞርስ?

መልስ፦ አይሆንም። ምልክቱ እስከ 14 ቀን ሊዘገይ ይችላል፤ ምልክት ሳይታይም ይተላለፋል። መንገዱ ባዶ ቢሆን እንኳ ደረጃው ወይም አሳንሰሩ ባዶ ላይሆን ይችላል። መስኮትህን ክፈትና ክፍልህ ውስጥ ተመላለስ። ቀኖቹ ያልቃሉ፤ አይዞህ።

ጥያቄ፦ ያው መንገድ፣ ያው አጥር፣ ያው መታጠፊያ። ሰለቸኝ! ምን ላድርግ?

መልስ፦ ነገ በግራ የጀመርሽውን በቀኝ ጀምሪ። ቀላል ይመስላል፣ ግን የቤቶቹ ሌላኛው ጎን ይታይሻል። ሰዓትሽንም ቀይሪ። ጠዋት ብትወጪ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ የጠዋት ብርሃን የሰውነትን ሰዓት ስለሚያስተካክል ማታ እንቅልፍ በጊዜው ይመጣል። ቤት ተዘግቶባቸው እንቅልፍ ያጡ ሁሉ ይህን ይሞክሩት።

እኔን ከመሰልቸት ያወጣኝ አንድ ዛፍ ነው። መንገዴ ላይ ካሉት አንዱን መረጥኩና በየቀኑ እቆምለታለሁ። ቅጠሉ ሲረግፍ አየሁ፣ ወፍ ጎጆ ስትሠራበት አየሁ፣ እምቡጥ ሲያወጣም አየሁ። ለዓመታት በአጠገቡ ሳልፍ አንዱንም አላየሁም ነበር። ስልክሽን ኪስሽ ውስጥ ተይና አንቺም አንድ ምረጪ።

ጥያቄ፦ እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ገደቡ ከመጣ ጀምሮ ከወንበሯ አትነሳም። ውጪ ስላት «ምን ልሠራ?» ትለኛለች። ስትነሳ ጉልበቷ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ።

መልስ፦ ስጋትህ ልክ ነው። በዚያ ዕድሜ ጡንቻ ካልተንቀሳቀሰ ቶሎ ይደክማል፤ ከዚያ መውደቅ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች፣ ለአረጋውያንም ጭምር፣ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ይህን ቁጥር ግን ለእናትህ አትንገራቸው፤ ያስፈራቸዋል። መመሪያው ውስጥ የወደድኩት ሌላ ነገር አለ። ድሮ «ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይቋረጥ» ይባል የነበረው ቀርቷል። አምስት ደቂቃም ይቆጠራል።

የመጀመሪያው ቀን እስከ በሩ ብቻ ሂዱ። በማግስቱ እስከ ጎረቤት አጥር። ሰው የማይበዛበትን ሰዓት ምረጥ፤ የሚያርፉበት ቦታም አስቀድመህ እይ። ደረታቸውን ካመማቸው፣ ካዞራቸው ወይም ትንፋሽ ካጠራቸው ቁሙና ሐኪም አማክሩ። በሽታውን ፈርተው ከሆነ ደግሞ ፍርሃታቸውን አትናቅባቸው፤ ስላለው ጥንቃቄ ቁጭ ብለህ አስረዳቸው።

ደግሞ «ስፖርት ሥሪ» አትበላቸው። «አብረሽኝ ነይ፣ ብቻዬን ደበረኝ» በላቸው። እኔ አባቴን ከወንበሩ ያስነሳሁት የዛፎቹን ስም እንዲያስተምረኝ ለምኜ ነው። ለእኔ ብሎ ወጣ። አሁን ጫማውን አድርጎ የሚጠብቀኝ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር ለብዙ ዓመት ማታ ማታ አብረን እንዞር ነበር። በዚህ በሽታ አጣኋት። ልጆቼ ውጣ ይሉኛል፤ እኔ ግን ያንን መንገድ ማየት አልቻልኩም።

መልስ፦ ነፍሳቸውን ይማር፤ ለእርስዎም መጽናናቱን ይስጥዎት። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት።

ያንን መንገድ አይሂዱበት። ማንም ሊያስገድድዎ አይገባም። ከቤት ሲወጡ በሌላው አቅጣጫ ይታጠፉ፤ በማታ ፈንታ ጠዋት ያድርጉት። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ከልጆችዎ አንዱ ሁለት ሜትር ያህል ርቆ አብሮዎት ይሂድ። ማውራት የግድ አይደለም። እንባ ከመጣም ይምጣ፤ መንገድ ላይ ማልቀስ ነውር የለበትም። እንቅልፍና ምግብ ለሳምንታት እምቢ ካለዎት ግን ይህን ብቻዎን አይሸከሙት፤ ለሐኪም ይንገሩ።

አንድ ቀን ወደ ድሮው መንገድ መሄድ ካማረዎ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ብቻ ሄደው ይመለሱ። ያን ቀን ይጻፉልኝ፤ እጠብቃለሁ።