ማሞቂያው ሞቆ ሞቆ ከቆረጠ መጀመሪያ አየሩን ፈትሽ

«የዳክት ማሞቂያችን ሲነሳ ደህና ይሞቃል። ትንሽ ቆይቶ ግን ፋኑ እየዞረ ቀዝቃዛ አየር ብቻ ይወጣል። ቀዩን ቁልፍ ስጫነው ይመለሳል፣ ከዚያ ደግሞ ይቆርጣል። መቁረጫውን በሽቦ ቀጥታ ላገናኘው ወይስ ኤለመንቱን ልቀይር?» ብለህ ጠይቀሃል። (የዳክት ማሞቂያ ማለት በአየር ማስተላለፊያ ቱቦ ውስጥ የሚገባ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው፤ ኤለመንቱ የሚግለው ክፍሉ ነው።)

ወንድሜ፣ ሁለቱንም አታድርግ። የመጀመሪያውንማ ጭራሽ አታስበው። ያ ቀይ ቁልፍ ያለበት፣ ሙቀት ሲበዛ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠው መቁረጫ እሳት ከመነሳቱ በፊት የቀረህ የመጨረሻው መከላከያ ነው። በእጅ ካልተጫኑት እንዳይመለስ የተደረገውም ሰው መጥቶ ምክንያቱን እንዲፈልግ ነው። ዝም ብሎ እየጫኑ መቀጠል አደጋ አለው።

ኤለመንት ሲቃጠል ወይ ጨርሶ አይሞቅም፣ ወይ ሙቀቱ ይቀንሳል። ሞቆ ሞቆ የሚቆርጥ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሙቀቱን የሚወስድለት አየር አንሶታል ማለት ነው። ብዙዎቹ የዳክት ማሞቂያዎች አየሩ ቢያንስ በሰከንድ 1.5 ሜትር አካባቢ እንዲያልፍባቸው ይፈልጋሉ። የአንተ ስንት እንደሚፈልግ ከመመሪያው ወይም ላዩ ላይ ከተለጠፈው ሰሌዳ አንብብ።

«ፋኑ ይዞራል» ያልከው ለእኔ በቂ አይደለም። መዞር ሌላ፣ አየር መግፋት ሌላ። ፊልተሩን አውጥተህ ወደ ብርሃን አንሳው፤ ብርሃን ካላሳለፈ አየርም አያሳልፍም። ዳምፐር (የአየሩን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋ ክዳን) የዘጋ ሰው እንዳለ እይ። የፋኑን ምላሶች በባትሪ አብርተህ ተመልከት። ውስጣቸው ላይ አቧራ ከተጋገረ ፋኑ በሙሉ ፍጥነቱ እየዞረም የሚገፋው አየር ይቀንሳል።

ሞተሩ ባለ ሦስት ፌዝ ከሆነና በቅርቡ ሽቦውን የነካ ሰው ካለ፣ እኔ ቀድሜ የምጠረጥረው አዟዟሩን ነው። ሴንትሪፉጋል ፋን (አየሩን በመሃሉ ስቦ በዙሪያው የሚያወጣው ዓይነት) በግልባጭ ሲዞርም አየሩን የሚያወጣው በዚያው በኩል ነው፣ መጠኑ ግን በጣም ያንሳል፤ ስለዚህ እጅህን አስጠግተህ «ይነፍሳል እኮ» ብትል ትሸወዳለህ። አካሉ ላይ ካለው ቀስት ጋር አስተያየው። ተገልብጦ ከሆነ ሁለት ፌዝ ማቀያየር ብቻ ነው።

በነጠላ ፌዝ ሞተር ላይ ካፓሲተሩን (ሞተሩን ለማስነሳት የሚረዳውን፣ ቻርጅ የሚይዘውን ዕቃ) ለካ። ሲነሳ የሚያቃስት ወይም በእጅ ካልገፉት የማይነሳ ሞተር ብዙ ጊዜ ችግሩ እሱ ጋ ነው። ከመንካትህ በፊት ግን የያዘውን ቻርጅ በሬዚስተር አውጣ። ቺንጋ ካለው መላላቱን እይ። ኩሽኔታው ከጮኸ ቀይረው።

አየሩ ደህና ከሆነ ወደ ኮንታክተሩ (ቴርሞስታቱ ሲያዝ ማሞቂያውን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ሂድ። ቴርሞስታቱን ዝቅ አድርገህ የማሞቂያውን መስመር በክላምፕ ሜትር (ሽቦውን አቅፎ አምፔር በሚለካ መሣሪያ) ለካ። አሁንም አምፔር ካሳየ የኮንታክተሩ ነጥቦች ተጣብቀዋል፤ ማሞቂያው ሳይታዘዝ መሞቁን ቀጥሏል ማለት ነው። ይሄ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር ነው።

ኤለመንቱን መለካት ከፈለግህ ከዋናው አጥፋ፣ ሌላ ሰው እንዳያበራው ቆልፍ፣ መብራት አለመኖሩን በመሣሪያ አረጋግጥ፣ ከዚያ አንድ ጫፉን ንቀል። 3 ኪሎዋት በ230 ቮልት የሚሠራ ከሆነ 17.6 ኦም አካባቢ ማሳየት አለበት፣ ሲሠራም ወደ 13 አምፔር ይስባል። ኦሙ ምንም ካላነበበ ተቃጥሏል። ፓነል ከፍተህ የማታውቅ ከሆነ ግን ይህንንም የክላምፑንም ልኬት ለኤሌክትሪሺያን ተውለት።

አንድ ነገር ልጨምር። ቀዩ ቁልፍ የሚቆርጠው ማሞቂያውን ስታጠፋ ከሆነ፣ ፋኑም አብሮ እየጠፋ እንደሆነ እይ። ኤለመንቱ ውስጥ የቀረው ሙቀት መሄጃ ያጣና መቁረጫውን ያስቆርጠዋል። ፋኑ ጥቂት ደቂቃ እንዲቆይ ታይመር ይገባለት።

መቁረጫውን ራሱን የምትጠረጥረው ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ሲገኝ ነው። ያኔም በዚያው ዲግሪና በዚያው አምፔር ቀይረው፤ «ከፍ ያለ ይሻላል» የሚልህን ሻጭ አትስማ።