ቀብዱን አትንኪው፦ ስራ ሲቀዘቅዝ ብሩን እንዴት እንደያዝኩት

እህቴ ጥያቄሽን ሁለቴ ነው ያነበብኩት። ልብስ ስፌት አለኝ፣ 5 ሰራተኛ፣ ስራው ከአምናው በግማሽ ወርዷል፣ ኪራይ ሊጨምሩብኝ ነው፣ ተበድሬ ልቀጥል ወይስ ልዝጋ ነው ያልሽው። እኔ ስፌት አላውቅም፣ የእንጨት ስራ ነው ያለኝ፣ ካቢኔት ቁምሳጥን በር ምናምን እንሰራለን፣ ግን የብሩ ነገር አንድ አይነት ስለሆነ የደረሰብኝን ልንገርሽ፣ ይረዝማል ታገሺኝ።

ሁለቴ ልወድቅ ደርሻለሁ። አንዱ በ2012 ኮሮና የገባ ጊዜ ነው፣ መጋቢት ላይ የመጀመሪያው ሰው ተገኘ ከተባለ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ አንድም አዲስ ትዕዛዝ አልመጣም። ያኔ ያተረፉኝ አከራዬ ናቸው፣ የሁለት ወር ኪራይ ገፋ አደረጉልኝ፣ እግዜር ይስጣቸው። ትምህርት የሆነኝ ግን ሁለተኛው ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ሲባል ዶላር ባንክ ላይ ከ57 ብር ምናምን በአንድ ቀን 74 ገባ፣ ከዛ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። እኔ ደግሞ ሰኔ ላይ አንድ የኪችን ካቢኔት በ180 ሺ ተዋውዬ 90 ሺ ቀብድ ተቀብያለሁ፣ ቤታቸው ልስኑ ስላላለቀ ነሐሴ ላይ ነው የምንገጥመው ተባብለናል። ቀብዱን ምን አደረግኩት መሰለሽ፣ ኪራይ ከፈልኩበት፣ ደሞዝ ከፈልኩበት፣ የተረፈውን የልጆች ትምህርት ቤት ምዝገባ ከፈልኩበት። ነሐሴ ላይ መርካቶ ስወርድ ያ በ95 ሺ ያሰላሁት ኤምዲኤፍ (የካቢኔቱ ጣውላ)፣ ማጠፊያ፣ ሬል፣ ኮላ ምኑም ምኑም ተደምሮ 138 ሺ ሆኖ ጠበቀኝ። ነጋዴው ፕሮፎርማውን ሲሰጠኝ "ለ3 ቀን ብቻ ነው የሚፀናው" አለኝ፣ በእጄ ደግሞ ብር የለም። ከወንድሜ ተበድሬ ገዛሁ፣ ለሰራተኛና ለመኪና 42 ሺ ወጣ፣ 180 ገብቶ 180 ወጣ ማለት ነው፣ ኪራዩም መብራቱም የኔ የሶስት ሳምንት ድካምም ከየት ይምጣ? ትንሽ ይጨምሩልኝ ብዬ ሴትየዋ ጋ ሄጄ ነበር፣ "ቀብዱን የሰጠሁህ እኮ እቃ እንድትገዛበት ነው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ መልስ አልነበረኝም።

ስለዚህ ከብድሩም ከመዝጋቱም በፊት የምልሽ ይሄን ነው፣ ቀብድ እቃው እስኪወጣ ድረስ የደንበኛው ብር ነው። ሁለተኛ አካውንት ክፈቺ፣ ቀብድ እዛ ይግባ፣ ከዛ የሚወጣው ለዛው ትዕዛዝ ጨርቅ፣ ክርና ዚፕ ብቻ ይሁን። እኔ አሁን ቀብድ በገባ በማግስቱ ኤምዲኤፉን ገዝቼ የደንበኛውን ስም በማርከር ጽፌበት ግድግዳ ላይ አስደግፈዋለሁ፣ ዋጋ ቢጨምርም ሌሊት እንቅልፌን እተኛለሁ። ውሉ ላይም "ይህ ዋጋ የሚፀናው ቀብዱ በ5 ቀን ውስጥ ከተከፈለ ነው" የሚል አንድ መስመር አስገብቻለሁ፣ ነጋዴው እኔ ላይ ያደረገውን ማለት ነው፣ እስካሁን በሱ ምክንያት የሄደብኝ ደንበኛ የለም። ቫት ተመዝጋቢ ከሆንሽ 15 በመቶውንም እዛው አካውንት አስቀምጪው፣ እሱም ያንቺ አይደለም፣ ብዙ ሰው ስራ ሲቀዘቅዝ እሱን በልቶ ነው በኋላ ከነቅጣቱ የሚጨነቀው። ግብር ከከበደሽም አትጥፊ፣ ሄደሽ በየጊዜው ልክፈል ብለሽ በጽሁፍ ጠይቂ፣ ህጉ ይፈቅዳል።

ቀጥሎ ደብተር። ሶፍትዌር ምናምን አያስፈልግሽም። እኔ ቅዳሜ ከሰዓት ለሰራተኛ ከከፈልኩ በኋላ በሩን ዘግቼ ቁጭ እላለሁ፣ ዛሬ በእጄና በባንክ ያለው ስንት ነው (የቀብዱን አካውንት አልቆጥርም)፣ በሚቀጥሉት 8 ሳምንታት በየሳምንቱ ምን ይገባል ምን ይወጣል ብዬ እጽፋለሁ። "እሰጥሃለሁ" የተባለ ብር የሚገባው ውስጥ አይጻፍም፣ ቀን የተቆረጠለት ብቻ። መጀመሪያ ስሰራው 5ኛው ሳምንት ላይ ብሩ ያልቃል፣ ያን ቀን በጣም ደነገጥኩ፣ ግን 5 ሳምንት ቀድሜ ስላወቅኩ አከራዩንም ባለእዳዎቼንም ለማናገር ጊዜ አገኘሁ። ትርፍ አለኝ ብለሽ ብር የሚያልቅብሽ ጊዜ አለ፣ ይሄ ደብተር እሱን ነው የሚያሳይሽ። ለራስሽም ደሞዝ ቁረጪ፣ ከመሳቢያ እየመዘዙ ለአስቤዛ መውሰድ እኔ ቤት በወር ስንት እንደነበር ስጽፈው ነው ያወቅኩት፣ ከአንድ ሰራተኛ ደሞዝ በላይ ነበር።

ዱቤ የያዙብሽን ሰዎች ለመጠየቅ ደግሞ አትፈሪ። እኔ ያለብኝ ይሉኝታ ነበር፣ አንድ ድርጅት 64 ሺ ብር ለ7 ወር ይዞብኝ እኔ ደውዬ ሰላም ብቻ ብዬ እዘጋለሁ። በኋላ ሄጄ "በአንዴ ካልቻላችሁ በአራት ክፈሉኝ" ስላቸው ተስማሙ፣ ሶስቱን ከፍለውኛል።

ብድሩን በተመለከተ፣ ለምኑ ነው? በየወሩ የጎደለውን ለመሙላት ከሆነ አትበደሪ፣ ጉድለቱ እዛው ሆኖ እዳ ይጨመርብሻል። ቀብድ የተከፈለበት ትዕዛዝ ኖሮሽ ጨርቅ ለመሙላት ከሆነ ግን ይሁን፣ መቼ እንደምትመልሺው ይታወቃል። ባንክ መያዣ ይዘሽ ሄደሽ እንኳን እምቢ ቢሉሽ ባንቺ ብቻ አይደለም፣ ብሄራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገድቦ ነበር፣ በኋላ ጣሪያውን ከፍ ቢያደርገውም ትንሹ ነጋዴ ጋ እስኪደርስ ወረፋው ረጅም ነው። በዚህ ተስፋ ቆርጠሽ አራጣ ቤት እንዳትሄጂ እለምንሻለሁ፣ ጎረቤቴ ማሽኑን ሁለቱንም በሱ ነው ያጣው። እቁብም ቢሆን እጣውን በልተሽ ለኪራይ ካዋልሽው ያው እዳ ነው፣ እኔ ሙሉውን ወደ ግማሽ እጣ አወረድኩት፣ ዳኛውን ሳናግራቸው ምንም አላሉኝም።

ሰራተኛ ለመቀነስ አትቸኩዪ፣ ስንብት ክፍያ አለው፣ ደግሞ ጥሩ ሰፊ ከሄደች አትመለስም። መጀመሪያ ሰብስበሽ ያለውን በግልጽ ንገሪያቸው። እኔ ስነግራቸው ትርፍ ሰዓቱን ራሳቸው ተዉት። ኪራዩን ደግሞ አከራዩን አስፈቅጄ የሼዱን ሲሶ ሶፋ ለሚያለብስ ልጅ ሰጠሁት፣ የኪራዩን ሩብ ይሸፍንልኛል፣ ደንበኛም እንለዋወጣለን። አንቺም ጥልፍ የምትሰራ ወይ ማሽን የሌላት ሰፊ ብትፈልጊ አታጪም።

የዩኒፎርም ስራ ትቀበያለሽ? ከሆነ የሐምሌና የነሐሴ ትዕዛዝ ሳይመጣ አሁን አትዝጊ፣ ቀብዱን ግን እንዳልኩሽ አድርጊው። የስንት ወር ኪራይ ቀድመሽ እንደከፈልሽና ዱቤ የያዙብሽ ስንት ሰዎች እንደሆኑ እዚሁ ጻፊልኝ፣ የ8 ሳምንቱን አብረን እንሰራዋለን፣ የኔን የደብተር ገጽም ማታ ፎቶ አንስቼ እለጥፍልሻለሁ።