በጾመ ነቢያት ስለሚቆመው ማኅሌት፦ መሪጌታ ይመልሳሉ

ልደት እስኪደርስ ስላለው ማኅሌት (በቤተ ክርስቲያን ሌሊት ቆመው ስለሚያቀርቡት የዜማ ምስጋና) ከድሬዳዋና ከሐረር ብዙ ጥያቄ ደርሶናል። መሪጌታ እንዲህ መልሰዋል።

ከከዚራ፦ መሪጌታ፣ ጾም ላይ ሆነን ከበሮና ጸናጽል እንዴት ይመታል?

ልጄ፣ ከበሮና ጸናጽል የሚያርፉት በዐቢይ ጾም ነው። ያኔ በመቋሚያ ብቻ ይዘመማል፤ መቋሚያውን እያወዛወዙ ይዜማል ማለት ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ሲገባ ግን ከበሮው አይሰቀልም። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ብትሄድ ሌሊቱን ትሰማዋለህ።

ከሳቢያን፦ ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ የሚባሉት ምንድን ናቸው?

ከልደት በፊት ያሉት ሦስቱ እሑዶች ናቸው። ስብከት ከታኅሣሥ 7 እስከ 13፣ ብርሃን ከ14 እስከ 20፣ ኖላዊ ከ21 እስከ 27 ባለው ይውላል። ምስባካቸውን፣ ማለት በዕለቱ የሚዜመውን የዳዊት መዝሙር ጥቅስ፣ እዩልኝ! በስብከት «ፈኑ እዴከ እምአርያም» ይባላል፤ እጅህን ከአርያም ላክ። በብርሃን «ፈኑ ብርሃነከ»፤ ብርሃንህን ላክ። በኖላዊ «ኖላዊሁ ለእስራኤል አጽምእ»፤ የእስራኤል ጠባቂ ሆይ፣ ስማ። ሦስቱም የናፈቀ ሰው ልመና ናቸው። ጸናጽል ለማንሣት የሚቸኩል ሁሉ መጀመሪያ ይህን ልመና በልቡ ይያዝ። በዳዊት 143፥7፣ 42፥3 እና 79፥1 ላይ አሉ። አንዳንዱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ቁጥሩ በአንድ ስለሚበልጥ 144፣ 43 እና 80 ላይ ፈልጉ።

ከሐረር፦ ሰንበት ትምህርት ቤታችን ጸናጽል ገዛ። አብረን ስንመታ ግን ጩኸት ብቻ ሆነብን።

ዜማው ሳይጠና ጸናጽል አይነሣም። መጀመሪያ ቁም ዜማ ነው፤ በድምፅ ብቻ። ቀጥሎ ዝማሜ በመቋሚያ። ከበሮና ጸናጽል የሚገቡት መረግድ በሚባለው በቀጣዩ ደረጃ ነው፤ እሱም ረጋ ብሎ። ጽፋት መጨረሻ ላይ በጭብጨባ ይፈጥናል። እናንተ ከጽፋቱ የጀመራችሁ ይመስለኛል። ለዘንድሮ አንድ ዜማ ብቻ ያዙ። ከበሮውን አንድ ሰው ይምታ፣ ጸናጽሎቹ እሱን ይከተሉ። ፈረስ መጋላ መድኃኔዓለም ሂዱና ከሊቃውንቱ ኋላ ቁሙ። ጆሯችሁ ብቻ ሳይሆን ዓይናችሁም እጃቸው ላይ ይሁን። ይህን ከመጽሐፍ አታገኙትም።

ከገንደ ቆሬ፦ የጸናጽሉ ሁለት ዘንግ ምን ያመለክታል?

ብሉይና ሐዲስን። አግድም ያሉት ዘንጎች የያዕቆብ መሰላል ናቸው።

ከመጋላ፦ የአባቴ የነሐስ ጸናጽል ጠቁሯል። በምን ላጽዳው?

በሎሚ አሽተሽ በውኃ አለቅልቂው፣ ወዲያው አድርቂው። ብር ከሆነ ግን ሎሚ አታስነኪው፤ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል።